በፍርሃትና በመቃቃር ዘመን ሰላም ማውረድ፦ ከራስ ልብ እስከ እርቅ ማዕድ

በአንድ ማዕድ ያደጉ ወንድማማቾች በፖለቲካ ተጣልተው ስልክ አይደዋወሉም። ዘመናቸውን ሁሉ ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ጎረቤቶች በር ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአጎት ልጅ አዲስ አበባ ካለው ጋር ተሰዳድቦ ከቤተሰቡ ግሩፕ ወጥቷል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ይህ ነገር ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት በሰሜን የነበረውን ጦርነት አስቁሟል። በሰው ሆድ ውስጥ የቀረውን ግን ፊርማ አያወጣውም። በሌሎች አካባቢዎችም ተኩሱ ገና አልበረደም።

ትልቁ የአገር ሰላም የሚመለከታቸው ሰዎች አሉ። ተደራዳሪዎች አሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የብሔራዊ ምክክር ኮሚሽን አለ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ግን “እኔ ተራ ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ?” ለሚል ሰው ነው። እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው። ፍርሃት የሚሰባው የሰውየውን ድምፅ መስማት ስናቆም ነው። ድምፁን ስንሰማ ደግሞ ይከሳል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፦ የተቋረጠውን ንግግር መቀጠል። እንዴት እንደሚቀጠል ደረጃ በደረጃ እንየው።

1. ከአንድ ሰው ጀምሩ

ወረቀት አውጡና የተቃቃራችኋቸውን ሰዎች ስም ጻፉ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ምረጡ። ሁሉንም በአንድ ሳምንት አስታርቃለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ሁለተኛው ስልክ ላይ ይደክመዋል።

መጀመሪያ የሚመረጠው ጠቡ ቀለል ያለ፣ ፍቅሩ ግን የከበደ ሰው ነው። ለምሳሌ በአንድ የፌስቡክ ጽሑፍ የተነሳ የተኳረፋችሁት የአክስት ልጅ። ሰው የሞተበት፣ ቤት የተቃጠለበት፣ ንብረት የተዘረፈበት ጉዳይ ከሆነ ግን በስልክ ብቻ አይነካም። እሱ ሽማግሌ ይፈልጋል። 7ኛው ደረጃ ላይ በሰፊው እናየዋለን።

ከስሙ ሥር ሁለት ነገር ጻፉ። አንደኛው፣ በትክክል ምን ብሎ ወይም ምን አድርጎ አስቀየመኝ? ሁለተኛው፣ እኔስ ምን አልኩት? ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የድሮ መልእክቶቻችሁን ማንበብ ያስፈልግ ይሆናል። አንብቡት። የራስን ቃል ከጊዜ በኋላ ማየት ብዙ ያስተምራል።

2. የራሳችሁን ፍርሃት ለዩ

የፈራ ሰው አያስታርቅም። ትንሽ ነገር ያስደነግጠዋል፣ ቶሎ ይቆጣል። ስለዚህ ወደ ሰው ከመሄዳችሁ በፊት ፍርሃታችሁ ከየት እንደመጣ ለዩ።

ፍርሃት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እዚሁ ሰፈር፣ ዛሬ ያለ አደጋ ነው። ተኩስ ይሰማል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ሰው ታግቷል። ይህ ዓይነቱ ፍርሃት የሚቀንሰው በዝግጅት ነው። የመታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ ቅጂ አንድ ቦታ አስቀምጡ። ኔትወርክ ቢጠፋ ቤተሰቡ የት እንደሚገናኝ ተስማሙ። የቅርብ ሰዎችን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ልጆቹም ይወቁት። ይህን ያደረገ ሰው እንቅልፉ ይሻላል።

ሌላው ከስክሪን የመጣ ፍርሃት ነው። በተለይ ውጭ አገር ላለ ሰው ይብሳል። አገር ቤት ያለው እናቱን አይቶ፣ ገበያ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ነው የሚውለው። ዱባይ ወይም ዴንቨር ያለው ግን የሚያየው ስልኩ ያመጣለትን የከፋውን ብቻ ነው። ለዚህኛው መድኃኒቱ ሰዓት መወሰን ነው። ዜና በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ተከታተሉ። ከመተኛት በፊት አይሁን። ስልኩን ከአልጋ አጠገብ አርቁ። ዜና ባማራችሁ ቁጥር በምትኩ እዚያ አካባቢ ላለ ሰው ደውሉና “እንዴት አደራችሁ?” በሉ።

ልብ ሲመታ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚረዳ ቀላል ነገርም አለ። በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፣ ከሳባችሁበት ጊዜ ረዘም አድርጋችሁ አውጡት። ይህን ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሙ። የሚጸልይ ይጸልይ፣ የሚሰግድ ይስገድ። አካልም ልብም ይረጋጋሉ።

ግፍ በዓይኑ ያየ ሰው ግን ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ቅዠቱ፣ ድንጋጤው፣ ቦታውንና ሰውን መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ሕክምና ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጸበሉንና ዱዓውን መተው አያስፈልግም፣ ጎን ለጎን ይሄዳል። “አብዷል ይሉኛል” ብሎ መቅረት ግን ብዙ ሰው ጎድቷል።

3. ወሬውን በር ላይ አስቁሙት

አንድ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ደም ያፈላል። ወዲያው ለሌላ መላክ ያምራል። እዚህ ጋ ነው መቆም ያለባችሁ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን በዓይኑ አየ? መቼና የት ነው የሆነው? ይህን የላከልኝ ሰው ምን እንዳደርግ ነው የፈለገው?

የቆየ ቪዲዮ በአዲስ ዜና ስም ይዞራል። የሌላ አገር ጦርነት የእኛ ተብሎ ይለጠፋል። በቪዲዮው ውስጥ ያለውን ታርጋ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የሰዎቹን ቋንቋና የአየሩን ሁኔታ እዩ። ክረምት ነው በተባለ ወር አቧራ ከጨሰ ጠርጥሩ። እዚያ ከተማ የሚኖር ሰው ካላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። መልስ እስክታገኙ ወሬው እናንተ ዘንድ ይደር።

እውነት ሆኖ ቢገኝስ? እውነት የሆነ ሁሉ ለሁሉም አይላክም። የሞተ ሰው ምስል ቤተሰቡ ሳይረዳ በቴሌግራም መዞሩ ነውር ነው። መርዶ በባህላችን ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ተደግፎ ነው የሚነገረው። ይህን ወግ ስልክ ስለያዝን ብቻ አንጣለው።

4. “እነሱ” የምትለዋን ቃል ጠብቋት

እ.ኤ.አ. በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ይጠራ ነበር። በመቶ ቀን ገደማ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ቃሉ ቀድሞ መጣ፣ ገጀራው ተከተለ። ሰውን የእንስሳ ወይም የበሽታ ስም መስጠት የተጀመረበት ቤት ውስጥ ልጆች ይሰማሉ።

በቤታችሁ አንድ ደንብ አውጡ። የአንድን ሕዝብ ስም ጠርቶ “ሁሉም እንዲህ ናቸው” ማለት ክልክል ይሁን። ጥፋተኛ ካለ በሥራውና በስሙ ይጠራ። አባት ወይም ትልቅ ወንድም ይህን ቃል ሲናገር ማቋረጥ ከባድ ነው። በአክብሮት ይቻላል። “ጋሼ፣ እትዬ አልማዝም እንዲህ ናቸው ማለት ነው? እርስዎ እኮ ያከብሯቸዋል” ብላችሁ የሚያውቁትን ሰው አስታውሷቸው። ስም ያለው ሰው ሲነሳ ጅምላው ይሰነጠቃል። ክርክር ውስጥ ከመግባት ይህ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

5. የመጀመሪያውን ስልክ ደውሉ

እስልምና ከወንድም ጋር ከሦስት ቀን በላይ መኳረፍን ይከለክላል። ክርስትናም በቁጣ ላይ ፀሐይ እንዳይገባ ያዛል። እኛ ግን ዓመታት አልፈውናል። “ማን ቀድሞ ይደውል?” የሚለው ጥያቄ ነው አንድ ቦታ ያቆመን። እናንተ ቀድማችሁ ደውሉ። ቀድሞ መደወል ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም።

ጊዜ መምረጥ ይረዳል። ባህላችን ብዙ በር አዘጋጅቷል። እንቁጣጣሽ፣ የጾም መያዣ፣ ኢድ፣ ገና ሲመጣ ሰው መደወሉ አያስገርምም። በወሎና በሌሎችም ቦታዎች አፉ፣ ማለትም ይቅር፣ መባባል የተለመደ ነው። የታመመ መጠየቅ፣ አራስ መጠየቅ፣ የተመረቀ ልጅን እንኳን ደስ አለህ ማለት ሁሉም በር ነው።

ከሁሉ ትልቁ በር ለቅሶ ነው። ያኮረፋችሁት ሰው ቤት ሐዘን ከገባ ሂዱ። ስልክ አይበቃም፣ በአካል ሂዱ። ሩቅ ከሆናችሁ በዚያው ቀን ደውሉ፣ ገንዘብ የምትልኩ ከሆነም በእድሩ ወይም በዘመድ በኩል አድርሱ። “እግዜር ያጥናችሁ” ብላችሁ ተቀመጡ። ስለ ጠቡ ምንም አታንሱ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ቂሙ ሁለት ይሆንበታል፤ የደረሰ ሰው ግን የጠቡን ግማሽ አቃለለ። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስልኩ ላይ የምትሉት አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦ “ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ነኝ። ድምፅህ ናፍቆኝ ነው። ስለዚያ ነገር ልከራከር አይደለም። እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ?” ይበቃል። አምስት ደቂቃ አውርታችሁ በሰላም ዝጉት። የመጀመሪያው ቀን ዓላማ መስመሩ መከፈቱ ብቻ ነው።

ካላነሳ? አጭር የድምፅ መልእክት ተዉለት። ጽሑፍ ቀዝቃዛ ነው፣ ብዙ ጊዜም በተጣመመ መንገድ ይነበባል። ድምፅ ውስጥ ግን ፍቅሩ ይሰማል። ከዚያ ጊዜ ስጡት።

6. ስትገናኙ እንዴት ታወራላችሁ

በአካል መገናኘት ከተቻለ ቤት ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ ይሁን። ቡናው ጊዜ ይሰጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ሰው አይነሳም። ከባዱን ነገር በአቦል አታንሱት። ቶናው ሲቀዳ ሰው ሰውነቱ ይላላል።

በዚህ ጊዜ ሥራችሁ መስማት ነው። እሱ ሲናገር መልሳችሁን በሆዳችሁ አታዘጋጁ። ሲጨርስ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት፦ “እኔ ያንን ጽሑፍ ሳጋራ የአንተ ሰዎች እየሞቱ እንደነበር ማሰብ ነበረብኝ፤ እንደ ከዳሁህ ቆጠርከው። እንዲህ ነው ያልከኝ?” እሱ “አዎ፣ እሱ ነው” ካለ ብዙ መንገድ ሄዳችኋል።

ታሪክ ውስጥ አትግቡ። ስለ ምኒልክ፣ ስለ ደርግ፣ ስለ ኢሕአዴግ፣ ስለ ድንበር መከራከር ከጀመራችሁ አትጨርሱትም። “ማን ጀመረው?” የሚለውንም ተዉት። በዚህ ምትክ “አንተ ምን ደረሰብህ? የዚያን ሰሞን የት ነበርክ? ማን ነበር የሚደውልልህ?” ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው የራሱን ታሪክ ሲናገር መከራከሪያ አይሆንም። ይሰማል ብቻ።

በሐሳብ ላትስማሙ ትችላላችሁ። በሐሳብ ሳይስማሙ መዋደድ ይቻላል። “በዚህ ነገር እኔና አንተ እንለያያለን፤ ልጅህን ስትድር ግን ድንኳን የምተክለው እኔ ነኝ” ብሎ መለያየት ትልቅ ነገር ነው።

7. ነገሩ ከከበደ ሽማግሌ ላኩ

የማይሽር ቁስል ካለ፣ ወይም ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ ቁጣው የሚነሳ ከሆነ ሽማግሌ ይግባ። በአገራችን ሽምግልና ያልነበረበት ሕዝብ የለም። ኦሮሞው ጃርሱማና ጉማ አለው፣ ሲዳማው አፊኒ አለው፣ ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች ሙስሊምና ክርስቲያን ሆነው ይቀመጣሉ፣ ጋሞው ዱቡሻ በሚለው የመሰብሰቢያ ቦታ ላይ ይመክራል። ሽምግልና እየከሸፈ ያለው አሠራሩ መጥፎ ሆኖ አይመስለኝም። አንዳንድ ደረጃዎቹን በችኮላ ስለምንዘል ነው።

የመጀመሪያው የተዘለለ ነገር ምርጫው ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ወይም አምስት ይሁኑ። ሁለቱም ወገን የሚያምናቸው፣ ሚስጥር የሚይዙ፣ ከማንኛቸውም ገንዘብ የማይፈልጉ መሆን አለባቸው። ጠቡ የብሔር ወይም የሃይማኖት መልክ ካለው ሽማግሌዎቹ ከአንድ ወገን ብቻ አይሁኑ። ውጭ አገር ከሆናችሁ የንስሐ አባት፣ ሼህ፣ የእድር ሰብሳቢ፣ ወይም ሁለቱንም ከልጅነት የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይሆናል። ሴቶችን ደግሞ ጨምሩ። በብዙ ቦታ ሽምግልና የወንድ ብቻ ሆኖ ኖሯል፤ ነገሩን በሆዳቸው ተሸክመው የኖሩት ግን ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው። እነሱ ያላወቁት እርቅ ቤት ውስጥ አይጸናም።

ሁለተኛው ለየብቻ መስማት ነው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱን ወገን በየቤቱ ሄደው ይስሙ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ምን ሆነ? ከሁሉ በላይ ያመመህ የቱ ነው? ከእሱ አፍ ምን ብትሰማ ልብህ ይርሳል? ሦስተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ነገር ከተጠበቀው ያንሳል። “ልጄ የሞተ ጊዜ ለምን አልደወለልኝም? እሱ ብቻ ነው የሚያቃጥለኝ” የሚል ሰው አለ። ይህን ሳያውቁ ስለ መሬት ወይም ስለ ገንዘብ መደራደር ልፋት ነው።

ሦስተኛው ዋስ ነው። ሁለቱም ወገኖች ሽማግሌው ያለውን ለመቀበል ዋስ ይጥሩ። ዋስ የሌለው እርቅ በማግስቱ በስልክ ይፈርሳል። ዋሱ የሚከበር ሰው ሲሆን ተጣዪው እሱን ላለማሳፈር ይታገሳል።

ከዚያ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጡ። በምርቃት ይጀመር። ትልቁ ሽማግሌ ደንቡን ይናገር፦ ተራ በተራ፣ ያለ ስድብ፣ ሳያቋርጡ። የሚያቋርጥ ሰው ካለ “ተራህ ይመጣል፣ ታገስ” ይባል። ቁጣ ሲግል ዕረፍት ይሰጥ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ካልሆነም ሌላ ቀን ይቀጠር። “ነገር ቢያበዙት በአህያ አይጫንም” ብሎ ትንንሹን ማሳለፍ የሽማግሌው ጥበብ ነው። ዋናውን በደል ግን አያሳልፍም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሽምግልና የሚበላሸው። ሽማግሌው ይቸኩልና “ያለፈው አለፈ፣ ተሳሳሙ” ይላል። ይሳሳማሉ፣ ከዚያ ወጥተው መንገድ ላይ አይተያዩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በደሉ በስሙ ካልተጠራ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሰብሳቢነት የተሠራው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ምሕረት ለሚጠይቅ ሰው የሠራውን ወንጀል ሙሉ በሙሉ እንዲናገር ግዴታ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ያ ሥራ ጉድለቱ ብዙ ነው፣ ተበዳዮች ካሳው ዘግይቶብናል፣ አንሶብናል ብለዋል። እውነቱ መነገር አለበት የሚለው መሠረቱ ግን ትክክል ነው።

እውነተኛ ይቅርታ አራት ነገር አለው። ያደረግሁትን በስሙ እጠራለሁ። “ግን” አልጨምርም። አንተን ምን እንዳደረገህ አውቄያለሁ እላለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የማደርገውን እናገራለሁ። ለምሳሌ፦ “ቤታችሁ ሲዘረፍ በር ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ፈርቼ ነበር፣ ፍርሃቴ ግን አንተን ብቻህን አስቀረህ። እናትህ በዚያ ሌሊት በእግራቸው መሄዳቸውን ሰምቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በርህ በሬ ነው።” ከዚህ ጋር “ከተቀየምክ ይቅርታ” የሚለውን አስተያዩት። ሁለተኛው በደሉን ወደ ተበዳዩ ስሜት ይገፋዋል። ሽማግሌ እንዲህ ያለውን ይቅርታ አይቀበል፤ “እንደገና በል” ይበለው።

ንብረት ከጠፋ ካሳ ይቆረጥ። ሰው ተገድሎ በሽምግልና ደም ሲደርቅ ካሳው የሞተውን እንደማይመልስ ሁሉም ያውቃል። የሚሰጠው ግን በደሉ በሁለቱም ወገን ፊት እንዲታመን ነው። ስለዚህ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ቀኑ ይቆረጥ፣ በሰው ፊት ይከፈል።

በመጨረሻ ይቅርታው። በአንዳንድ አካባቢ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ ጉልበት ይስማል። ተበዳዩ ድንጋዩን ያወርድለትና “ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ” ይላል። ተበዳዩ ገና ካልቻለ አታስገድዱት። ሽማግሌ ፊት ጉልበት ስለተሳመለት ብቻ በአፉ ይቅር ያለ ሰው ቂሙን ይዞ ይሄዳል። ቀጠሮ ስጡት። “ዛሬ አልቻልኩም፣ አልበቀልም ግን” ካለ ራሱ ይበቃል፤ ተመስገን ብላችሁ ተለያዩ። ይቅር ካለ ደግሞ በአንድ ትሪ ይብሉ፣ ይጎራረሱ። ማዕዱን አትዝለሉት።

8. ሽምግልና የማይገባበት ቦታ

ይህን ሳልናገር አላልፍም። አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ሚስትን መደብደብ፣ ልጅ ላይ የደረሰ ጥቃት በሽምግልና አይሸፈንም። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊ ልጅቷን አግብቶ ከቅጣት የሚያመልጥበትን የቆየ ቀዳዳ ዘግቷል። ሽማግሌ ያንን ቀዳዳ መልሶ መክፈት የለበትም። “ለቤተሰብ ክብር” ተብሎ ተጎጂዋ ወደ ደብዳቢው ስትመለስ ሰላም ወረደ አይባልም። ፍርሃቱ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ። መጀመሪያ ደህንነቷ፣ ከዚያ ሕክምናና ሕግ።

ግድያም ቢሆን ፍርድ ቤቱ ሥራውን ይሠራል። የቤተሰቦች እርቅ የሚያስፈልገው በቀል እንዳይቀጥል ነው፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ዛቻ ያለበት ሰው ጋ ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ።

9. ከቤት ወደ ሰፈር

መስከረም 2011 ዓ.ም ቡራዩ ላይ ጋሞዎችና ሌሎች ሰዎች ተገደሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ሣሩን ተሻግሮ ማለፍ አልቻለም፤ ተመለሰ። ሰዎቹ ይህን በዚያ ቀን አልፈጠሩትም። ሣሩ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ስለነበር ነው በዚያ ሰዓት የሠራው። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። እሳቱ ሳይነሳ የተዘጋጀ ነገር ብቻ ነው እሳቱ ሲነሳ የሚገኘው።

ስለዚህ ሰፈራችሁ ምን አለው? ብዙ ቦታ እድር አለ። በእድር ድንኳን ሥር የሁሉም ብሔር፣ የሁሉም ሃይማኖት ሰው ይቀመጣል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ነገር በአጀንዳ አስይዙ። ክፉ ወሬ ሲመጣ ለማን ተደውሎ ይጣራል? አንድ ቤተሰብ ቢፈራ ወይም ቢዛትበት ማን ቤት ያድራል? ወጣቶቹን የሚሰሙት ሰው ማን ነው? ስሞቹ በቃለ ጉባኤ ይጻፉ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ በጭንቅ ሌሊት ግን ማን ጋ እንደሚደወል ማወቅ ሕይወት ያተርፋል።

እናቶችን አስተባብሩ። በኦሮሞ ዘንድ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን ዘንጋቸውን ይዘው በተጣሉት መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል። ላይቤሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ የሰላም ታጋይዋ ሌይማ ግቦዊ ከሌሎች ጋር ሆና ያስተባበረቻቸው ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ነጭ ለብሰው ሞንሮቪያ የዓሣ ገበያው አጠገብ በየቀኑ ተቀመጡ። ጋና፣ አክራ ላይ የሰላም ድርድሩ ሲጓተት ደግሞ የአዳራሹን በር ዘግተው ተደራዳሪዎቹን አናስወጣም አሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ስምምነቱ ተፈረመ። እናንተ ሰፈር አሥር እናቶች አብረው አንድ ቤት ቡና ቢጠጡ፣ በየወሩ ቤት እየቀያየሩ፣ ያ ሰፈር በቀላሉ አይነካም።

10. ከእርቅ በኋላ ያለው ሥራ

እርቅ በወረደ ሳምንት ውስጥ አንድ ተራ ነገር አብራችሁ አድርጉ። ዕቃ ተዋዋሱ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሱለት፣ ገበያ አብራችሁ ውጡ። ትልቅ ንግግር አያስፈልግም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከወር በኋላ ሁለቱንም ይጠይቁ፦ “እንዴት ናችሁ? የቀረ ነገር አለ?” ብዙ ቁርሾ የሚገኘው በዚህ ጥያቄ ነው።

ለቤተሰብ ግሩፑ ደንብ አውጡ። የፖለቲካ ቪዲዮ አይላክም። ሐዘን፣ ደስታ፣ ፎቶ፣ የልጆች ነገር ይላካል። መወያየት የፈለገ ስልክ ደውሎ ለሁለት ይወያይ። ደንቡን የሚያስከብር አንድ ትልቅ ሰው ይሰየም፤ ልጅ ከሆነ አይሰሙትም።

ጠቡ የሚያገረሽባቸውን ቀናት ቀድማችሁ እወቋቸው። ምርጫ ሲቃረብ፣ አንድ ቦታ ግጭት ሲነሳ፣ ዘመድ የሞተበት ቀን ሲመጣ የድሮው ቁስል ያመረቅዛል። እነዚህን ቀናት በካላንደር ላይ ምልክት አድርጉባቸው። በዚያ ቀን ጠዋት፣ ዜናው ሳይደርስ፣ እናንተ ቀድማችሁ ደውሉ። ስለ ጉዳዩ ማንሳት ከፈለገ እሱ ያንሳ። ካላነሳም የልጆቹን ነገር ጠይቁና በሰላም ዝጉት፤ በሚቀጥለው ሳምንት መልሳችሁ ደውሉ።